ጅራታሙ ኮከብና ስደተኛው ሊቅ

በፍሌሚንግደን ፓርክ ልጆቹን ያሳደገ ወገናችን ሁሉ ዶን ሚልስ መንገድ ላይ ያለውን የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ተከፍቶ ብዙ የሰፈራችን ልጆች ሳይንስን በእጃቸው እየነካኩ የተማሩበት ይህ ቤት፣ ጣሪያው ያሰጋል ተብሎ በሰኔ 2024 ተዘግቷል። ሕንፃው ቢዘጋም የልጆች ጥያቄ አይዘጋም። ከጥያቄዎቹም አንዱ «ጅራታም ኮከብ ከምን ተሠራ?» የሚለው ነው። ለመልሱ ትልቅ ድርሻ ያበረከተው እዚሁ ካናዳ፣ እንደ እኛ ተሰዶ የመጣ ሰው ያቋቋመው ቤተ ሙከራ ስለሆነ ታሪኩን ብናውቀው ይጠቅመናል።

ገርሃርድ ኸርዝበርግ በ1904 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ተወለዱ። በዳርምሽታት ሲያስተምሩ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ባለቤታቸው ሉዊዘ፣ እርሳቸውም የፊዚክስ ምሁር፣ የአይሁድ ወገን በመሆናቸው ባልየው ከማስተማር ታገዱ። ቀደም ሲል ዳርምሽታት ሄዶ አብሯቸው የሠራ ጆን ስፒንክስ የተባለ ወጣት የካናዳ መምህር አልረሳቸውም። በእርሱ ጥረት የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ በ1935 በሩን ከፈተላቸው። ከጀርመን የሚወጣ ሰው ከ10 ማርክ በላይ እንዳይዝ ተከልክሎ ስለነበር ባዶ ኪስ ነበር ያሻገሩት። ዕውቀታቸው ግን ኬላ ላይ አልተወረሰም።

ሙያቸው ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና በትኖ ማንበብ ነበር። እያንዳንዱ ሞለኪውል በብርሃን ላይ የራሱን መስመሮች ይተዋል፤ እንደ ጣት አሻራ ማለት ነው። አሻራው በቤተ ሙከራ የታወቀ ነገር ሰማይ ላይ ሲታይ ማንነቱ ይለያል። ኸርዝበርግ ከ1948 ጀምሮ ይህን ሥራ በኦታዋ፣ በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት አስፋፉት።

አሜሪካዊው ፍሬድ ዊፕል በ1950 ጅራታም ኮከብ አቧራ የተቀላቀለበት የበረዶ ክምር ነው ብለው ነበር። የውኃውን አሻራ በጅራቱ ብርሃን ውስጥ ለይቶ ያየ ግን አልነበረም። ከዚያም ኮሁቴክ የተባለው ጅራታም ኮከብ መጣ። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥና ጥር 1966፣ የየካቲቱ አብዮት ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። በአገራችን ጅራታም ኮከብ የመዓት ምልክት ነው ይባላል፤ ኦታዋ ላይ ግን ምልክቱ በሌላ መንገድ ተነበበ። በአሜሪካና በኢጣሊያ ያሉ ተመራማሪዎች በጅራቱ ብርሃን ውስጥ የማያውቋቸው ቀይ መስመሮች አገኙ። የኸርዝበርግ ባልደረባ ሂን ልው ደግሞ አንድ ኤሌክትሮን የተገፈፈበትን የውኃ ሞለኪውል አሻራ አስቀድመው በቤተ ሙከራ ለክተው ነበር። ሁለቱ ሲመሳከሩ ገጠሙ! ፀሐይ በረዶውን ታተነዋለች፤ ጨረርዋም ከተኑ ኤሌክትሮን ይገፋል፤ ተኑም ያበራል።

ምርምሩ በዚህ አልቆመም። በ2002 የአውሮፓና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ በረዶ ሠርተው፣ የፀሐይን ዓይነት ጨረር ቢለቁበት፣ የፕሮቲን መሠረት የሆኑ አሚኖ አሲዶች ወጡ። በ2016ም ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ሮዜታ የተባለችው መንኮራኩር በጎበኘችው ጅራታም ኮከብ ላይ መገኘቱ ተገለጸ።

ኸርዝበርግ በ1971 የኬሚስትሪን ኖቤል ሽልማት አገኙ። በችግር ቀን አብረዋቸው የተሰደዱት ሉዊዘ ግን ሽልማቱ ሊታወጅ ጥቂት ወራት ሲቀሩ አርፈው ነበር። እርሳቸውም በ1999 ኦታዋ ውስጥ ዐረፉ።

አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። ዛሬ በመካከላችን ዲፕሎማውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ታክሲ የሚነዳ፣ ሌሊት ሕንፃ የሚጠብቅ ስንት ምሁር አለ? ኸርዝበርግን ከዚህ ዕጣ ያዳናቸው ሊቅነታቸው ብቻ አይደለም፤ የሚያውቃቸው አንድ ሰውና በሩን የከፈተ አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። እኛም ሥራ የያዝነው ሥራ ላጣው፣ ቀድመን የገባነው ኋላ ለመጣው እንደ ስፒንክስ እንሁን። የሳይንስ ማዕከሉ በር ቢዘጋም የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አለና ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ።