ስለ ቦንሳይ ጥበብና ስለ ላስታ የደብር ዛፎች

በላስታ ምድር፥ ከላሊበላ በስተምሥራቅ የሚገኘው ገነተ ማርያም ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሠራውም ከ1270 እስከ 1285 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የነገሠው ይኵኖ አምላክ መሆኑን በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕልና ጽሕፈት ይመሰክራል። ሊቃውንት ስለ ዓለቱና ስለ ሥዕሉ ጽፈዋል፤ እኛ ግን ገነት የሚለው ስሙ ስለ ዛፍ እንድንመረምር አነሣሥቶናል።

ዛፍን እንደ ጥበብ ሥራ አድርጎ መያዝ በሩቅ ምሥራቅ የቆየ ልማድ ነው። በቻይና በ706 ዓ.ም. በተሠራው በልዑል ዣንግኋይ መቃብር ውስጥ፥ ድንጋይና ትንንሽ ዛፍ ያለበት ሳሕን የያዘ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል። ጥበቡ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ቦንሳይ ተባለ፤ ትርጓሜውም በሳሕን የተተከለ ማለት ነው። ዛፉ በዘሩ ድንክ አይደለም፤ ሥሩና ቅርንጫፉ በየጊዜው ስለሚከረከም፥ ግንዱም በሽቦ እየታሰረ ስለሚገራ ነው የሚያንሰው። ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ እንደተገራ የሚነገርለት አንድ ዝግባ መሰል ዛፍ በ1945 ዓ.ም. ከሂሮሺማ ቦምብ ተርፎ፥ በ1976 ዓ.ም. ለአሜሪካ ተሰጥቷል። ይህን ያህል ዘመን መኖሩ አንዱ ጠባቂ ሲያልፍ ሌላው ስለተተካ ነው።

ጃፓኖች ነፋስና የአፈር ማነስ ያጎበጣቸውን ዛፎች ከተራራ እየነቀሉ ይገሩ ነበር። ከሚወዷቸው አንዱ ጥድ ነው፤ ይኸውም ከሀገራችን ጥድ ጋር በአንድ ወገን ይመደባል። ይሁን እንጂ የአባቶቻችን ጥበብ በመከርከም ሳይሆን ባለመቁረጥ ነበር። በይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበሩ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ቤተ መቅደስ ዛሬም በጥድ ደን የተከበበ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከቀድሞው ደን የተረፈው፥ ጥዱም ወይራውም፥ አብዛኛው በደብር ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። ሕዝቡም ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርጎ ያከብረዋል።

ነገር ግን ማክበር ብቻውን አይበቃም። ከብት ወደ ቅጥሩ ገብቶ ቡቃያውን ከበላ፥ ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ደኑ ወራሽ ያጣል። ቦንሳይ ውኃ ቢከለከል በጥቂት ቀን ይደርቅና ጥፋቱ ይታያል፤ የደብር ደን ግን የሚጠፋው ቀስ በቀስ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ከጃፓኖች የምንማረው ዛፍ ማሳነስን ሳይሆን ተተኪ ማዘጋጀትን ነው፤ በእኛም ዘንድ ሥራው የሚጀመረው ቅጥሩን በድንጋይ ከማጠርና ችግኙን ከመጠበቅ ነው።