ለገሃርን በጠረጴዛ ላይ ለመሥራት ስንት እውነት ያስፈልጋል?

አዊ ላይ ባቡር አልፎ አያውቅም። እንጅባራ ያደገ ልጅ የፈረስ ኮቴ ከአይሱዙ ሞተር ለይቶ ያውቃል፤ የባቡር ፉጨት ግን የሚያውቀው ከፊልም ነው። ስለዚህ አንድ እዚህ የተቀመጠ ጋዜጠኛ ስለ ባቡር ሞዴል ልጻፍ ሲል "ሥራ ፈት" ብትሉት አይፈረድባችሁም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳዩ መጫወቻ ብቻ አይደለም።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ብዙ ትልልቅ ሰዎች የባቡር ጣቢያንና ፉርጎን በትክክለኛ ልኬት አሳንሰው ይሠራሉ። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ ገበያ ላይ የመጫወቻ ሐዲድ ስፋትን በደረጃ ለይቶ ካቀረበ ወዲህ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ልኬት አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው። አንድ ሜትር ሰባ የሆነ ሰው ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ከእነዚህ ሠሪዎች መካከል ጠንካሮቹ "ባቡር የሚመስል ነገር" አይሠሩም። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ዓመት፣ ቢቻል አንድ ወር ይመርጡና በዚያ ወር ያልነበረ ነገር ጠረጴዛቸው ላይ እንዳይገኝ ይጠነቀቃሉ።

ይህን ሕግ ወደ ኢትዮጵያ አምጥተን ለገሃርን እንሥራ እንበል። አብረን እንሞክር።

መጀመሪያ ሐዲዱ። የጅቡቲ አዲስ አበባ መሥመር የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ለሰማንያ ሰባት ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣል፤ ፋብሪካዎች ለዚህ ዓይነቱ መሥመር የሚሸጡት የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 16.5 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ የሰፊውን የአውሮፓ መሥመር የሚወክል ስለሆነ አይሆንም። ሌላም ወጥመድ አለ። "የኢትዮጵያ ባቡር" ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከሚመጡት ፎቶዎች ብዙዎቹ የምጽዋ አስመራ ናቸው። ያ መሥመር ጣሊያን የሠራው፣ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሌላ ሎኮሞቲቭና ሌላ ታሪክ ያለው ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ምንድን ነው እንዳትሉ። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ሁለት ቅኝ ገዢዎች ያሰቡት ሁለት የተለያየ ካርታ በአምስት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ተቀምጧል።

ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈውም ጉዳይ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ሞዴል የእንጨት ተሸካሚ ያለው ነው። የእኛ መሥመር የተነጠፈው በብረት ተሸካሚ ነበር። በረሃ ላይ፣ ምስጥ ባለበት አገር፣ ደንም በሌለበት ዳርቻ እንጨት አያዋጣም። ብረት መሆኑ ደግሞ በኋላ ዘመን መሥመሩ ሲዳከም ጠላት ሆነበት፤ ብረት ይሸጣላ።

ቀጥሎ ርዝመቱ። መሥመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ለሰማንያ ሰባት ሙሉውን ልሥራ ያለ ሰው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። እንጅባራ አደባባይ ላይ ለገሃርን ቢያስቀምጥና ወደ ዳንግላ ቢዘረጋው ጅቡቲ መንገዱ ሳይጋመስ ታልቃለች። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣው ዳገት ደግሞ ወደ 26 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማንም ሙሉውን አይሠራም፤ ይመርጣል። ችግሩም የሚጀምረው ከምርጫው ነው።

የትኛውን ዓመት?

አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከዓድዋ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ልብ ይባል። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋን አልፎ ነጭ ዓባይ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ግን ከባድ ሆነ፤ ባቡሩ ከተማዋን ትቶ ሜዳ ላይ ቆመ፤ የቆመበትም ቦታ ድሬዳዋ ተባለ። ይህ በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ምኒልክ ሞተው፣ ልጅ ኢያሱ ወርደው፣ ሰገሌ ላይ ደም ከፈሰሰ ከጥቂት ወራት በኋላ። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንጻ ደግሞ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ "ምኒልክ በለገሃር" የሚል ሞዴል የሠራ ሰው ቢኖር ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ ሰውየውም ሕንጻውም በአንድ ዘመን አልተገናኙም።

ሕንጻውን ሠራን እንበል። አደባባዩ ላይ ምን እናቁም? የይሁዳ አንበሳ ነዋ! ትላላችሁ። ቆይ። ያ ሐውልት የቆመው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ነው። በ1922 ዓ.ም. ምረቃ ላይ አንበሳ የለም። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፍ የመዘዘው ሮም ላይ በዚሁ አንበሳ ፊት ነው። ሐውልቱ ወደ ቦታው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ የጣሊያንን ዘመን ለገሃር ለሚሠራ ሰው ትክክለኛው ነገር ባዶ ቦታ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ ስለ ወረራው ከብዙ ገጽ በላይ ትናገራለች፤ በእኔ እምነት ማለቴ ነው።

ፉርጎዎቹም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ አዋሽን የሚሠራ ሰው ጣቢያውን ብቻ ሳይሆን የማደሪያ ሆቴሉንም መሥራት አለበት። ጣሊያን በመጣ ጊዜ የፊያት ናፍጣ ባቡሮች ገቡ፤ ሊቶሪና የሚባሉት። ከጦርነቱ በኋላ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቱን ቦታ ቀስ በቀስ ወሰዱ። ጽሑፉም ይለወጣል፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1981 ኩባንያው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ነው፣ ከዚያ በኋላ የጅቡቲና የኢትዮጵያ። ፉርጎው ጎን ላይ አንድ ፊደል ስትሳሳቱ አንድ አገር ነጻ ከመውጣቷ በፊት ነጻ ታወጧታላችሁ።

በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ፈነዱ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር አደጋ ታሪክ ከአስከፊዎቹ አንዱ ነው። ስለዚያ ዓመት ረኀብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ አደጋ ግን እኩዮቼን ብጠይቅ ከአሥር አንዱ አያውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ቀዬ ልመለስ። አዊ ላይ ባቡር አልደረሰም አልኩ፤ በወረቀት ግን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምኒልክን ሳያማክሩ የሦስትዮሹን ውል ሲፈራረሙ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚሠራ ባቡር የውጭ እጅ ካስፈለገው በእንግሊዝ ሥር ይሁን ተባባሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን እንደገና ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ እንግሊዝ የጣና ግድቡን፣ ጣሊያን ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አልፎ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ሐዲድ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ነገሩን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ከሸፈም። በዚያው እ.ኤ.አ. 1925 ሜጀር ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ዳንግላ ላይ ተቀመጠ፤ እስከ 1934 ቆይቶ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ካርታ አነሣ። የዓለም ኃያላን በዳንግላ ላይ የነበራቸውን ዓይን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሦስተኛው የእኛው ነው፤ በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን ፍኖተ ሰላምን ከባሕር ዳርና ከወልዲያ የሚያገናኝ ሐዲድ በዕቅድ ተሰምሮ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው በየት እንደሚያልፍ አይጠፋውም። መስመሩ ካርታ ላይ ቀረ።

ታዲያ ለምን ስለ ሞዴል አወራችኋለሁ? አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄድ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ ሰፋ ያለ፣ መሥመሩ የተለየ፣ ጣቢያውም ከከተማ የራቀ ነው፤ ከድሮው የወረሰው ነገር ትንሽ ነው። ለገሃር ዙሪያ በ2011 ዓ.ም. የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ግዙፍ የመኖሪያ መንደር ግንባታ ይፋ ሆነ። ሕንጻው አይፈርስም ተብሏል፤ ይሁን። ነገር ግን ጣቢያ ማለት የፊት ግድግዳ ብቻ አይደለም። የሐዲዱ አዘረጋግ፣ የውኃው ታንከር፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ ዘበኛው የሚቆምበት ጥግ ነው። ፒያሳ ስትፈርስ ያየን ሰዎች አንድ ሰፈር ስንት ሳምንት እንደሚበቃው እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንባቢ "ፎቶ አለ አይደል?" ሊለኝ ይችላል። አለ። ፎቶ ግን የሚያሳየው ፎቶ አንሺው የቆመበትን ጎን ነው። ሞዴል የሚሠራ ሰው ጀርባውንም መሥራት አለበት፤ ጣሪያው በየት ይፈስሳል፣ የሦስተኛ ማዕረግ ወንበር እንጨት ነው ወይስ ሌላ፣ ቀለሙስ? ይህን ለመመለስ ሥዕለ ንድፍ ያስፈልጋል፣ ካልሆነም በዚያ የሠራ ሰው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ጥገና ያሳለፉ አባቶች አሉ። የኤርትራው መሥመር ከጦርነት በኋላ የተነሣው በጡረታ የወጡ ሠራተኞች ተመልሰው ስለጠገኑት ነው፤ ዕውቀቱ ያለው በእጃቸው ነበርና። የእኛዎቹን እስካሁን ሜትር ይዞ የጠየቃቸው ስንት ሰው ነው?

ስለ ንጉሥ ስንከራከር ሌሊት እናነጋለን፤ ማን ማንን ወጋ፣ ማን ምን ፈረመ። አንድ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ስንት መስኮት እንደነበረው ለመናገር ግን ኮሜንት ሥር የሚሰለፍ የለም። እኔ የማምነው ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል የታሪክ ጥያቄ መሆኑን ነው። በዚያ ፉርጎ የሄደው ሕዝብ ነው፤ ከነጫቱ፣ ከነሰልባጁ፣ ከነፍየሉ።

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ አልቀበልም። ፋብሪካ የሚሸጣቸው ትንንሽ ሰዎች የአውሮፓ ካፖርት የለበሱ ስለሆኑ ገንዘብ ቢኖርም አይጠቅሙንም። ጋቢ የደረበ፣ ሽርጥ ያሸረጠ ሰው ራሳችን መቅረጽ አለብን። እንጅባራ ላይ የቀርከሃ ባለሙያ ሞልቷል፤ ወንበርና ሶፋ የሚሠራ እጅ ስንጥሩን ቢያቀጥን የመስኮት ክፈፍ ይወጣዋል። ከዘይት ቆርቆሮ መኪና የሚሠራ ልጅ በየመንደሩ አለ፤ ያ ልጅ ካርቶን፣ ማስመሪያና አንድ ትክክለኛ ንድፍ ቢሰጠው ከአንድ ክረምት በኋላ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማየት እፈልጋለሁ።

እኔ ብሆን ከለገሃር አልጀምርም፤ ትልቅ ነው። ከመሥመሩ ትንንሽ ጣቢያዎች አንዱን፣ አፍደምን ወይም ኤረርን እመርጣለሁ። አንድ ቤት፣ ጥቂት ሜትር ሐዲድ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች። ከእናንተ መካከል በዚያ ያደገ፣ ወይም አባቱ በባቡሩ የሠራ ካለ፣ የጣቢያው በር ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።