ሁለት ደቂቃ ለከፋ

መቼም ቦንጋ ስላለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የሚሠራ የቴሌቪዥን ዘገባ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ጫካ፣ ስኒ፣ ጭፈራ፣ የባለሥልጣን ንግግር። ሁለት ደቂቃዋ አለቀች!

ኤዲቲንግ ክፍሉን ለእኛ ቢሰጡን ንግግሩን አሳጥረን ለአንድ ዘውድ ሃያ ሰከንድ እናስቀምጥ ነበር። የምኒልክ ጦር የከፋውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን በ1897 (እ.ኤ.አ.) ማረካቸው። በ1919 ከከፋ ርቀው ሞቱ። ዘውዳቸው ግን በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ስዊዘርላንድ ገባ፤ የተመለሰው በ1954 ነው።

ቡናው ይቅር አላልንም። ግን ስኒውን ብቻ ያየ ወጣት፣ ከፋ የራሱ ንጉሥና ዘውድ እንደነበረው በምን ያውቃል? የተቆረጠውን ማን ያሳየዋል?