ሆድ ይፍጀው ያለው ወታደር

እስቲ ጠጋ በሉና ጀግና ያልሆነ ወታደር ላውራችሁ። ምሽግ አልሰበረም፣ ጠላት አልማረከም፣ ደረቱ ላይ ኒሻን አላረፈም። ድል ያደረገው ነገር ቢኖር የድንች ክምር ነው፤ እሱንም ሲልጥ ውሎ።

ይህ ወታደር የካርቱን ሰው ነው፤ የሣለው ጆርጅ ቤከር ይባላል። በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ፒኖኪዮንና ባምቢን በመሳሰሉ ፊልሞች ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ለውትድርና ተመለመለና እርሳሱን እንደያዘ ካምፕ ገባላችሁ። በዓመቱ፣ በሰኔ 1942፣ ለአሜሪካ ተራ ወታደሮች በወታደሮች የሚዘጋጅ «ያንክ» የሚባል መጽሔት ተጀመረ። የቤከር ሰውም ከመጀመሪያው እትም ብቅ አለ፤ አፍንጫው ድንች፣ ትከሻው የወረደ፣ ልብሱ የሌላ ሰው የሚመስል።

ስሙ ሳድ ሳክ ነው። በእኛ አፍ «ሐዘንተኛው ጆንያ» ማለት ነው። የጦር ሰፈሩ ሰው ሲሳደብ ግን ጆንያው በምን እንደተሞላ ጭምር ይናገራል፤ እሱን እኔ አልደግመውም።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነላችሁ። ጆንያችንን ጨለማ አዳራሽ አስገብተው ስለ አባላዘር በሽታ ፊልም አሳዩት። አየ፣ አየ፣ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ሲወጣ ጓደኛው ከአንዲት ቆንጆ ጋር ሊያስተዋውቀው ነው። ልጅቱ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የላስቲክ ጓንት አጥልቆ ጨበጣት!

በዚህ ሁሉ መሀል ሳድ ሳክ ትንፍሽ አላለም። ቤከር ከርዕሱ በቀር ቃል አይጨምርም ነበር። ደግሞስ ተራ ወታደር ምን ቃል አለው? ሃምሳ አለቃው ይጮኻል፣ መኮንኑ ያዛል፣ እሱ ሆድ ይፍጀው ብሎ መጥረጊያውን ያነሳል። ባሕር ማዶ ሆነው መጽሔቱን የሚገልጡት ወታደሮችም የሚስቁት ለዚህ ነበር፤ ትናንት ሽንት ቤት ሲያጸዱ ያመሹት እነሱው ናቸዋ!

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ሳድ ሳክ ሥራ አልፈታም። ሃርቪ የተባለው አሳታሚ ከ1949 ጀምሮ የራሱን መጽሔት አወጣለት፤ እዚያ አፍ አውጥቶ ተናገረ። በ1957ም ተዋናዩ ጄሪ ሉዊስ በፊልም ተጫወተው። አፉ ሲፈታ ግን ያ የጥንቱ ጆንያ ይናፍቀኛል። እኔ እንኳ ይኸው ስንት ቃል ፈጀሁ፤ እሱ አንዲት ጓንት አጥልቆ ጨርሶታል።