ከሐሞት ጠጠር የተወለደ ስም

«ስቴሮይድ» የሚለው ቃል ሲነሣ አንዱ ጡንቻው ያበጠ ስፖርተኛ ይታየዋል፤ ሌላው የአስም መድኃኒት፤ ሌላዋ ደግሞ የፊት ቅባት። ሁሉም አልተሳሳቱም። ለመሆኑ አንድ ስም ይህን ሁሉ እንዴት ሊሸከም ቻለ?

ነገሩ የሚጀምረው ከሐሞት ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በሐሞት ጠጠር ውስጥ ለሚገኘው ቅባት መሰል ነገር ስም ሲያወጣለት ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጠመ፤ «ኮሌ» ሐሞት፣ «ስቴሬዎስ» ጠጣር። ዛሬ ኮሌስትሮል የምንለው እርሱን ነው። በ1936 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከዚሁ ስም ጅራት «ስቴሮይድ» የሚለው ቃል ወጣ፤ አራት የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች ላሏቸው ውሁዶች ሁሉ የቤተ ዘመድ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ስሙ የሚናገረው ስለ ቅርጽ እንጂ ስለ ሥራ አይደለም። የወንድና የሴት የፆታ ሆርሞኖች፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች ቅርፊት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖችም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ከነዚህ ወንድማማቾች አንዱን ለዓለም ያስተዋወቀው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ነው። ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል ከዕጢው ቅርፊት ያገኘውን ነገር «ውሁድ ኢ» ይለው ነበር። ባልደረባው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች በሴፕቴምበር 1948 ቁርጥማት አልጋ ላይ ለጣላት የ29 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። ስሙ ከቫይታሚን ኢ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ በ1949 «ኮርቲዞን» ተባለ፤ «ኮርቴክስ» በላቲን ቅርፊት ነውና። በ1950 ሁለቱ ሰዎች ከስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ተአምር የተባለው መድኃኒት ግን ብዙም ሳይቆይ መዘዙን አሳየ። በብዛትና ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሰዎች ፊታቸው እንደ ጨረቃ ይከባል፤ አጥንታቸው ይሳሳል፤ ደማቸው ውስጥ ስኳር ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የራሳቸው ዕጢ ሥራ መፍታቱ ነው። መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥ ያንቀላፋው ዕጢ ቶሎ አይነቃም፤ ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።

በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ካናዳዊው ቤን ጆንሰን የ100 ሜትር ወርቁን ሲነጠቅ ስሙ ሌላ ነውር ተጨመረበት። የተገኘበት ስታኖዞሎል የወንድ ሆርሞንን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ከኮርቲዞን ጋር ቅርጽ እንጂ ሥራ አይጋራም። የኮርቲዞን የቅርብ ዘመድ የሆነው ርካሹ ዴክሳሜታዞን በበኩሉ በ2020 በብሪታንያ በተደረገ ታላቅ ሙከራ በኦክሲጅንና በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ ተረጋገጠ።

«ስቴሮይድ ነው» ብላ የልጇን የአስም መድኃኒት የምትጥል እናት የሌላውን ወንድም ኃጢአት በዚህኛው ላይ ትጭናለች። ፊቷን ለማቅላት በውስጡ ምን እንዳለ ያልጠየቀችውን ቅባት ለወራት የምትቀባ ወጣት ደግሞ ቆዳዋን ታሳሳለች። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይህን ስም ሲጠራ የሚበጀው መሸሽም መቸኮልም ሳይሆን፣ «የትኛው? ስንት? እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነው።