የዴቢያን የተረጋጋ እትም

የዴቢያን የተረጋጋ እትም፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ዴቢያን የተባለ የሊኑክስ ሥርጭት ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያወጣው ቅጂ ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ በውስጡ ያሉት ፓኬጆች (ለመጫን የተሰናዱ የፕሮግራም ጥቅሎች) በመሠረቱ ወደ አዲስ ሥሪት አይሸጋገሩም፤ የሚገባባቸው የደኅንነት ጥገናና የከባድ ስሕተት እርማት ነው። ስለዚህም ለሰርቨር፣ ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ እንዲሁም እንደ ቢቸናና ሞጣ ኢንተርኔት አስተማማኝ ላልሆነባቸው ከተሞች ይስማማል። በዚህ መጣጥፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻና አደረጃጀት

ዴቢያንን ነሐሴ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. የመሠረተው ኢያን መርዶክ ነው። ፕሮጀክቱ ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም፤ መሪውን አባላቱ በየዓመቱ በድምፅ ይመርጣሉ። በ1997 የጸደቀው «ማኅበራዊ ውል» ሥርጭቱ ነፃ ሶፍትዌር ሆኖ እንዲኖርና ችግሩን ከተጠቃሚው እንዳይሸሽግ ቃል ያስገባል።

እያንዳንዱ ፓኬጅ የተመዘገበ ኃላፊ ወይም ቡድን አለው። ኃላፊው ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ደራሲ አይደለም። ሥራው የደራሲውን የምንጭ ኮድ ተቀብሎ ከቀሪው ሥርዓት ጋር እንዲጣጣም ማሰናዳት፣ የስሕተት ሪፖርቶችን መመርመርና እርማቱን ለደራሲው ማድረስ ነው። ኃላፊው ሲለቅ ፓኬጁ «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የሚረከበው እስኪገኝ የጥራት ቡድኑ ይይዘዋል፤ ተረካቢ ካጣም ከሥርጭቱ ሊወጣ ይችላል። ፓኬጅ በራሱ ሥልጣን ማስገባት የሚችል ሙሉ አባል ለመሆን፣ የአመልካቹን ማንነት ያረጋገጡ ነባር አባላት የዲጂታል ቁልፉን ሊፈርሙለት ይገባል። ይህ በአብዛኛው በአካል መገናኘትን ስለሚጠይቅ፣ ነባር አባል በአቅራቢያው ለሌለው ሰው ከባድ መስፈርት ነው።

ፓኬጅ የሚያልፍበት መንገድ

አዲስ ሥሪት መጀመሪያ የሚገባው «ሲድ» ወደሚባለው ያልተረጋጋ ክፍል ነው። እዚያ እንደ አጣዳፊነቱ በተለምዶ ከ2 እስከ 10 ቀን ይቆያል። አዲስ ከባድ ስሕተት ካልተገኘበት፣ በሚደገፉት የማሽን ዓይነቶች ሁሉ ላይ በትክክል ከተገነባና በእሱ ላይ የሚደገፉትን ሌሎች ፓኬጆች ካላናጋ፣ «ቴስቲንግ» ወደሚባለው የሙከራ ክፍል ያልፋል። በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ይህ ክፍል ለአዳዲስ ለውጦች ደረጃ በደረጃ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚፈቀደው ስሕተት ማረም ብቻ ይሆናል፤ ከባድ የተባሉት ስሕተቶች ሲጠሩም አዲሱ የተረጋጋ እትም ይወጣል። ኦገስት 9 ቀን 2025 የወጣው ዴቢያን 13 «ትሪክሲ» 69,830 ፓኬጆችን ይዟል።

ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ

ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ የሚጀምረው እትሙ ከወጣ በኋላ ነው። በአንድ ፕሮግራም ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ጥገናውን ከሌሎች ለውጦች ጋር በአዲስ ሥሪት ያወጣዋል። የዴቢያን ኃላፊ ግን በተለምዶ አዲሱን ሥሪት እንዳለ አያመጣም። ቀዳዳውን የሚደፍኑትን መስመሮች ለይቶ ያወጣል፤ ከዓመታት በፊት በተጻፈው ኮድ ላይ እንዲገጥሙ ያስተካክላቸዋል፤ ይፈትሻል፤ ከዚያም ከደኅንነት ቡድኑ ጋር ይለቀዋል። በሥሪት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ዴብ12ዩ1» የሚል ምልክት ካለ በዴቢያን 12 ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ጥገና ማለት ነው። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን እንደነበረ ያገኘዋል፤ የተለወጠው የተደፈነው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ከስሕተት ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። በ2006 ለምስጠራ በሚያገለግለው በኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማስወገድ ሲባል የተደረገ የዴቢያን ለውጥ የቁልፎችን የዘፈቀደ ምንጭ አዳከመ፤ የተረጋጋው እትምም ችግሩን ተሸክሞ ቆየ። በሜይ 2008 ሲታወቅ ለእያንዳንዱ የቁልፍ ዓይነትና ርዝመት ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች ወደ 32,000 ገደማ ብቻ እንደነበሩ ተረጋገጠ፤ ተጠቃሚዎችም ቁልፋቸውን እንደገና ማውጣት ግድ ሆነባቸው። በማርች 2024 ደግሞ የመዘግየት ጥቅም ታየ። በኤክስዜድ መጭመቂያ ፓኬጅ ሥሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የጥቃት በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ የዴቢያንን ሲድ ሲጠቀም ወደ ኮምፒውተሩ በርቀት መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ተከታተለ። የተረጋጋው እትም አሮጌውን ሥሪት ይዞ ስለነበር አልተነካም።

አማርኛ በዴቢያን

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ መስፈርት ሥሪት 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ የሊኑክስ ሥርጭቶች ሊደግፉት የሚችሉበት መሠረት ተገኘ። ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ፊደሉን በዩኒኮድና በነፃ ሶፍትዌር ውስጥ በማስገባት ብዙ ደክመዋል። የዴቢያን መጫኛ አማርኛን የጨመረው የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. በወጣው ዴቢያን 5.0 «ሌኒ» ነው። ዛሬ ተጠቃሚው የአቢሲኒካ ሲል ፎንትን፣ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥንና ለጽሑፍ ገጽ የተሠሩትን የጎሃ ፊደሎች ከፓኬጅ ክምችቱ ያገኛል።

መረጋጋት የሚያስከፍለው ዋጋም በፊደሉ ላይ ይታያል። ለጉራጌኛ ጽሕፈት የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በሴፕቴምበር 2021 ሲሆን፣ ዴቢያን 11 የወጣው ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ ነበር። የሥርዓቱ ዋና ቤተ መጻሕፍት ጂሊብሲ እነዚህን ፊደላት አውቆ የመጣው በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነው።

ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ዴቢያን ይህን ለመሰለ ሁኔታም መንገድ አለው። ከዲቪዲ ወይም ከፍላሽ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ጥገናውን ለማምጣት «አፕት ኦፍላይን» የተባለው ፓኬጅ ሞጣ ያለው ኮምፒውተር የሚፈልጋቸውን ፋይሎች በዝርዝር ያወጣል፤ ዝርዝሩ በፍላሽ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተወስዶ ፋይሎቹ ይወርዳሉ፤ ተመልሰውም ይጫናሉ። የፓኬጆቹ ዝርዝር በዴቢያን ቁልፍ የተፈረመ በመሆኑ በመንገድ ላይ የተነካካ ፋይል ካለ ሥርዓቱ ይለየዋል። ጥገናዎቹ ሙሉውን ሥርዓት የማይለውጡ መሆናቸው የሚወርደውን መጠን ይቀንሳል።

አንድ የተረጋጋ እትም በተለምዶ 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያም 2 ዓመት የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያገኛል። በ2014 የተጀመረው የረጅም ጊዜ ድጋፍ በአብዛኛው የሚሠራው ኩባንያዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። በዚህ መሠረት ዛሬ በቢቸና በአንድ ትምህርት ቤት ትሪክሲ ቢጫን ሙሉ ድጋፉ እስከ 2028፣ የደኅንነት ጥገናው ደግሞ እስከ 2030 አጋማሽ ይቀጥላል።