የፊቼ ጨምበላላ በዓል በመንግሥት ዘንድ ስለ መታወቁ

ዘመናትን የሚያፈራርቅ እግዚአብሔር ነው፤ ዘመንን መቍጠር ግን ለሰው ልጅ የተተወ ሥራ ነው። በአገራችን በኢትዮጵያም የዘመን አቈጣጠሩ አንድ ብቻ አይደለም። መስከረም 1 ቀን ዕንቍጣጣሽን የምናከብር ሁላችን፥ በዚህችው ምድር የራሱ ቀመርና የራሱ ዘመን መለወጫ ያለው ወንድም ሕዝብ መኖሩን ልናውቅ ይገባናል። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ፥ ስለ ፊቼ ጨምበላላ፥ መንግሥትም ስለ ሰጠው ዕውቅና ነው።

አባቶች ለልጆች ሲያወርዱት የመጣው ቃል እንደሚያስረዳው፥ አንዲት የሲዳማ ሴት ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር። በምትመጣበትም ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀውን ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤትም ሁሉ ከዚያ ይቋደሳል። በዓሉ የእርሷ መታሰቢያ ነው። ዛሬም በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ሰላም ይላሉ፤ ቡሪሳሜም ይቀርብላቸዋል። የሰላምታውም ቃል «አይዴ ጨምበላላ» የሚል ነው።

የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፤ እነዚህም ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላሉ። አያንቶ የሚባሉት የሰማይ ዐዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው የበዓሉን ዕለት ይወስናሉ፤ ውሳኔውም ለየጎሳው ይነገራል። ስለዚህ በዓሉ ከዓመት ዓመት በአንድ ቀን ተወስኖ አይውልም። በመጥቅዕና በአበቅቴ ትንሣኤን የምናወጣ እኛ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም።

ፊቼ በዘውዱም ሆነ በደርግ ዘመን በአገር አቀፍ በዓላት ቍጥር አልገባም ነበር፤ ይሁን እንጂ በሽማግሌዎች አፍና በእናቶች እጅ ተጠብቆ ኖረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ባህላቸውን የመግለጽና የማዳበር፥ ታሪካቸውንም የመንከባከብ መብት እንዳላቸው ደነገገ። ኢትዮጵያ ግዑዝ አካል ስለሌለው ቅርስ ጥበቃ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀበለች። ከዚህም በኋላ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሆክ በተደረገው ጉባኤ ፊቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ መዝገብ ተጻፈ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. ቀድሞት ተመዝግቦ ነበር፤ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም.፣ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. ተከተሉት። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ኅዳር 10 ቀን የሲዳማ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ በሰኔም ክልል ሆነ። እንዲህም በጉዱማሌ ሜዳ በሐዋሳ የሚሰበሰበው በዓል የራሱን ክልላዊ መንግሥት አገኘ።

እንግዲህ ይህ ዕውቅና ምን ማለት እንደ ሆነ እናስተውል። በስምምነቱ ሥርዓት ቅርሱን ለመዝገቡ የሚያቀርበው መንግሥት ነው፤ ነገር ግን የባለቤቱ ሕዝብ ፈቃድና ተሳትፎ ካልተገኘ ጥያቄው የተሟላ አይሆንም። ስለዚህ መንግሥት ለበዓሉ ምስክር ሆነለት እንጂ አልወለደውም። ምስክርነቱ መልካም ነው፤ በጓዳ የኖረውን ወደ አደባባይ አውጥቶ፥ ልጁ በአባቱ ሥርዓት እንዳያፍር ያደርገዋልና። ዳሩ ግን አደባባይም የራሱ ፈተና አለው። ንግግሩና የእንግዳው ብዛት በዓሉን ሊሸፍነው ይችላል። ከአያንቶዎች እግር ሥር ተቀምጦ ሰማይን ማንበብ የሚማር ወጣት ከታጣ፥ የትኛውም ማኅተም የፊቼን ቀን ሊያወጣ አይችልም።

በበዓሉ ሰሞን የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ይመክራሉ፦ በርትታችሁ ሥሩ፤ ሽማግሌዎችን አክብሩ፥ ርዱም፤ የአገር በቀል ዛፍ አትቍረጡ፤ ከስንፍና፣ ከልመና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ራቁ ይላሉ። ይህ ምክር ከጭፈራው ጋር አብሮ ካልተወረሰ የተመዘገበው ስሙ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወጣቶች ከዐዋቂዎች ዘንድ ቀመሩን ይማሩ፤ ባለሥልጣኖችም በአደባባይ የሰሙትን የሽማግሌ ምክር በዛፉና በፍርዱ ላይ ይፈጽሙት። እኛም ጎረቤቶች የሆንን ሁሉ በሲዳማ ደጅ ተገኝተን ከቡሪሳሜው እንቋደስ፤ በዓሉ የተጀመረው በማካፈል ነውና።